ጥላ የሌለው ጫጩት

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ፈገግ ነበር የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ቤት ቆሞ፣ ለመታወቂያ የመጣውን ሰው እንኳ «ፈገግ በል እስቲ፣ ምን የሞተብህ አለ?» ሲል የኖረ ሰው ነው። እውነት የሞተበት ሰው የመጣ ዕለት ደግሞ ክው ብሎ ይቀርና፣ ይቅርታውን ጠይቆ፣ አገጩን ቀና፣ ጠጉሩን ከግንባሩ ገለጥ አድርጎ ያነሳዋል። ፊት የሸፈነ ነገር አይወድም። ጠጉር ይሁን፣ ሻሽ ይሁን፣ የባርኔጣ ጥላ ይሁን፣ ገለጥ ካላደረገው እጁን ይበላዋል። ይቺን አመሉን ያዙልኝ፤ የዚያን ቀን ጣጣ ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።

ሌላም የሚታወቅበት ነገር ነበር። ለቤተሰብ ፎቶ ሳይደርስ የቀረ ወንድም፣ ሰርጉን ሳያይ የሞተ አባት ቢኖር፣ ከሌላ ፎቶ ላይ ቆርጦ ከሰዎቹ መሀል ያቆመዋል። በመቀስና በሙጫ የጀመረውን በኮምፒውተርም ቀጥሎበታል። አንዲት ሙሽራ አባቷን ከጎኗ ቆሞ ስታይ እንዴት እንዳለቀሰች ሲያወራ አይጠግብም። ልጁ ደግሞ እዚያው ፎቶ ቤት ከእግሩ ሥር ያደገች ናት። ገና ትንሽ ሳለች ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ፊቱን ተዪው፣ ጥላውን እዪ። እኔ ስሳሳት የምሳሳተው እዚያ ላይ ነው» እያለ ያሳያት ነበር።

ሰዉ ራሱን በራሱ ማንሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ጋሼ ፈገግ ካሜራውን፣ ረጅሙን ሌንስና የመብራቱን ነጭ ጃንጥላ ተሸክሞ ቤቱ ገባ፤ ማንሳቱን ግን እርግፍ አድርጎ መተው አልሆነለትም። ጓሮ ወጥቶ ወፍ ማሳደድ ያዘ። ሚስቱ ልብስ እያሰጣች ትተርበዋለች።

«አሁን እነሱን ፈገግ በሉ ልትላቸው ነው?»

«እነሱ እንደ አንቺ አያስቸግሩም» ይላታል፤ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ።

ያ ቀልድ ግን ልጅቷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከአልጋ እንዳትወርድ በሐኪም ታዝዛ እናት አባቷ ቤት ከገባች ወዲህ ጠፋ። ባሏ የረጅም መንገድ መኪና ሹፌር ነው፤ አልፎ አልፎ ቢያድር እንጂ ሲውል አይታይም። አልጋዋን ጓሮ በሚያሳየው መስኮት ሥር አነጠፉላት። በፊት ያረገዘችው ልጅ ያለ ወሩ ተወልዶ አልቆየላትም። ከዚያም የባሰው፣ ልጁ በጠዋት አልፎ ሳለ እሷ «ደህና ነው፣ ማሞቂያ ክፍል ነው» እየተባለች እስከ ማታ መዋሏ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው አፍ አታምንም። ሐኪሟ «የልብ ምቱ ጥሩ ነው» ስትላት «ማሳያውን ወደኔ አዙሪልኝ» ትላለች። ባሏ ደውሎ «ደርሻለሁ» ቢላት «የቆምክበትን ፎቶ አንስተህ ላክ» ትለዋለች። እሱም ምስኪን፣ ሌላ ነገር ጠርጥራ መስሎት መንገድ ዳር ቆሞ የራሱን ፊት፣ የመኪናውን ጎማ፣ የነዳጅ ማደያውን ሳይቀር ያነሳላታል።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት የሎሚ ዛፍ አለ። አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ የዞረ ጥቁር መስመር ያላት አንዲት ግራጫ ወፍ መጥታ እዚያ ውስጥ ጎጆዋን ሠራች። ልጅቷ «ባለሻርፗ» አለቻት። ከአልጋው ሆና ወፏ ስትገባና ስትወጣ ታያለች፤ ጫጩቶቹ ግን በቅጠል ተሸፍነው አይታዩም። ስለዚህ አባት በመሰላል እየወጣ ያነሳቸዋል፤ ከዚያ ካሜራውን ይዞላት ይመጣል። ጫጩቶቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ሦስተኛው ግን ሁልጊዜ ጨለማው ውስጥ ነው፣ ከጀርባው በቀር ፊቱን አሳይቶ አያውቅም። እሱን ደግሞ «አኩራፊው» አለችው።

አንድ ቀን እናቷ ሰውነቷን ስታሻሻት «እማዬ፣ እነዚህ ከበረሩ የኔም ይቆያል መሰለኝ» አለች። ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች፤ ቃሉ ያመለጣት ነበር። እናት ምንም እንዳልሰማች ሆና አሽታ ጨረሰችና ወጥ ቤት ገብታ ባሏን በክርኑ ያዘችው።

«ስማ። እዚያ ዛፍ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ እኔ አላውቅልህም።»

«እኔ የወፍ ዘበኛ ነኝ?»

«አዎ፣ ነህ» አለችው፤ አልሳቀችም።

ጣጣው በመጣበት ቀን ጠዋት ታዲያ ልጅቷ ደህና አድራ ነበር። ቁርሷን ጨርሳ፣ ጠጉሯን ራሷ ሠርታ፣ ከተኛች ወዲህ ተሰምቶ በማይታወቅ ድምፅ «አባዬ፣ ዛሬ የአኩራፊውን ፊት ካላሳየኸኝ እኔም ላኮርፍህ ነው» አለችው። ልጁ ስትቀልድ መስማቱ ልቡን ሞቅ አደረገው። አጉል ሞቅታ ነበር።

መሰላሉን ዛፉ ላይ አስደገፈና ወጣ። ባለሻርፗ ለምግብ ወጥታለች። ሦስቱ ጫጩቶች እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ሦስተኛው እንደ ልማዱ ከአንድ የቅጠል ዘለላ ሥር ተወሽቋል። ጋሼ ፈገግ ዘለላውን በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ተመልሶ ወደቀ። እንደገና ገፋው፤ ተመልሶ ወደቀ። እጁን በላው። ኪሱ ውስጥ የአትክልት መቀስ ነበረችና አወጣት። በእሱ ቤት ጠጉር ከግንባር መግለጡ ነው። አንዷን ቅርንጫፍ ቆረጠ። ራቅ ብሎ አየ። ሌላኛዋንም ቆረጠ። ከላይ የተንጠለጠለችውም አጉል ጥላ ትጥላለች ብሎ ጨመራት። ጎጆው ወለል ብሎ ታየ፤ ፀሐይዋ ግን ገና ከቤቱ ጣሪያ በስተጀርባ ናት። ትንሽ ብትዞር ሦስቱም ላይ ትወርዳለች።

ወርዶ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ፀሐይዋ ትዙርልኝ እንጂ ዛሬ ሦስቱንም ፊት ለፊት ነው የማሳይሽ።»

«ቃል?»

«ቃል!»

ገብቶ ሌንሱን ቀየረ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ሻዩን ቀዳ። ሁለት ጊዜ እንኳ ፉት ሳይል ባለሻርፗ ጮኸች። የወፍ ጩኸት በየቀኑ ይሰማል፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ሲኒውን የት እንዳስቀመጠው ሳያውቅ ሮጦ ወጣ።

አንድ ቁራ እንደ ቤቱ ተመቻችቶ ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ባለሻርፗ ዙሪያውን እየተወረወረች ትጮኻለች፤ እሱ ግን ከቁም ነገርም አልቆጠራት። ጋሼ ፈገግ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ወረወረ፤ ጫማው ግድግዳው ላይ ጠፍ ብሎ ወደቀ። ቁራው ቀስ ብሎ አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ ተነሳ። አፉ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር። በአጥሩ ላይ አልፎ ሄደ፤ ባለሻርፗም ተከትላው ሄደች።

አንድ እግሩ ባዶውን መሰላሉን ወጣ። ሁለቱ ጫጩቶች ተለጣጥፈው ተኝተዋል። አኩራፊው የለም። ፀሐይዋ አሁን ዞራለች፤ የጠበቃት ብርሃን ጎጆው ላይ እንደ መብራት በርቶ ሁለቱን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ካሜራው አንገቱ ላይ ነበርና እጁ ሳያስበው ተጫነው። ያን ድምፅ ሲሰማ በራሱ አፈረ።

ቁልቁል ሲያይ ሚስቱ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ፊቱን አይታ ሁሉም ነገር ገብቷታል።

«ስንት ቀረ?»

«ሁለት።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቅርንጫፎቹን መሬት ላይ አየቻቸው። አረንጓዴ ናቸው፤ ቁስላቸው ትኩስ ነው።

«አንተ ቆረጥካቸው?»

ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ውይ አንተ ሰውዬ» አለች በሹክሹክታ፤ «ምን አደረግኸን?»

«ሰማች?»

«ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ሸለብ አድርጓት ይሆናል። ድምፅህን ቀንስ።»

እንግዲህ ሰው ሲሯሯጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ። የቆረጣቸውን ቅርንጫፎች ለቃቅሞ፣ የሽቦ ቁርጥራጭ ፈልጎ፣ እንደ ነበሩ መልሶ ያስራቸው ጀመር። እሾሁ ክንዱን ቧጨረው፤ ደሙን በሸሚዙ ይጠርጋል። ቅጠሉ ግን ከአሁኑ መጠውለግ ጀምሯል፤ ፀሐይዋም በቀዳዳው ትገባለች። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ይሄ የርሃብ አከፋፈት አይደለም። መላ ሲጠፋው የፎቶ ቤቱን ነጭ ጃንጥላ አምጥቶ ከመሰላሉ ጋር አሰረው። ጥላ ሆነላቸው። ዞር ብሎ ጠበቀ። ባለሻርፗ አጥሩ ላይ መጣች፣ አየች፣ ተመልሳ ሄደች። እንደገና መጣች፤ እንደገና ሄደች። ከዚያ ቀረች።

ወጥ ቤት ሲገባ ላቡ አጥምቆታል። ሚስቱ ድስቱን ከፍታ ታማስላለች፤ ከሥሩ እሳት አልለኮሰችም።

«ልንገራት» አላት።

«አታብድ። ሐኪሟ ምን አለች? ድንጋጤ አይንካት፣ አላለችም? ሆዷ መወጠር ከጀመረ ምን ልናደርግ ነው?»

«ፎቶ ትጠይቀኛለች። ቃል ገብቻለሁ።»

ሚስቱ ማማሰያውን አስቀመጠች። ዓይን ዓይኑን አየችው።

«የሰው አባት ከመቃብር አውጥተህ ሰርግ ላይ ያቆምክ ሰውዬ፣ አንዲት ፍሬ ጫጩት መጨመር አቃተህ?»

«ልጄን ልዋሽ?»

«መች አዲስ ሆነብህና?»

እሷ ድስቱን ከደነች። እሱ ኮምፒውተሩን ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ሌላ ምን ያድርግ? ፈርቶ ነበር። ልጁን የሚያጣ መስሎት ፈርቶ ነበር።

አሁን የተነሳው ፎቶ ላይ ሁለቱ ጫጩቶች በፀሐይ ውስጥ ናቸው። የትናንቱን ፎቶ አወጣና አኩራፊውን ከጨለማው ውስጥ ቆረጠው፤ ትንሽ አፈካው፤ ከወንድሞቹ ጎን አስቀመጠው። ፊቱ አሁንም አይታይም፤ ያው ጀርባው ነው። ሚስቱ በትከሻው ላይ አጎንብሳ «ትንሽ ወደዚህ አስጠጋው... እንዲያ... አሁን ቁርጥ እሱ ሆነ» ትላለች። ድሮ ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር።

«አባዬ!» የሚል ድምፅ ከጓሮ ክፍሉ መጣ። «ፀሐይዋ አልዞረችም እንዴ?»

ሁለቱም ባሉበት ደረቁ። ፎቶውን ወደ ካሜራው መለሰውና ተነሳ። ሚስቱ አንገትጌውን አስተካከለችለት፤ ክንዱ ላይ ያለውን ደም በውኃ ጠረገችለት። «ፈገግ በል» አለችው፤ ለቀልድ አልነበረም።

ልጅቷ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ፊቷ ገርጥቷል። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ጋሼ ፈገግ ሳቅ እየሞከረ ካሜራውን ሰጣት።

«አኩራፊው ዛሬም ጀርባውን ነው የሰጠን። ምን ላድርገው?»

ተቀበለችው። አየች። አጎላችው። ብዙ ጊዜ አየች። እናት በሩ ላይ ቆማ ቀሚሷን ትጨብጣለች። ከጓሮ ምንም ድምፅ የለም፤ የባለሻርፗ ድምፅ ሲጠፋ ቤቱ ምን ያህል ጭር እንደሚል ያን ጊዜ ነው የታወቃቸው።

«ይሄኛው» አለች በጥፍሯ እየነካች፤ «ይሄኛው ጥላ አለው። ይሄኛውም አለው።» ጥፍሯ ወደ ሦስተኛው ሄደ። «ይሄ ግን ጥላ የለውም፣ አባዬ።»

የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቁራውን አይቼዋለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እሱን የገደለውም ይኸው ነው። «ሲያርፍም ሲነሳም አይቼዋለሁ። ልጮህ ፈለግሁ፣ ሆዴን ፈራሁትና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። መለስ ስል ቅርንጫፎቹን ስታስር አየሁ፣ ጃንጥላውንም አየሁ። ከዚያ አባዬ ገብቶ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይነግረኛል፣ ብዬ።»

«እኔ ነኝ እንዳይነግርሽ ያልኩት» አለች እናት ከበሩ።

«ያኔም አንቺ ነሽ?»

እናት አንገቷን ደፋች። ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች።

«ያኔ እኮ አንተ ነህ የነገርከኝ፣ አባዬ። ገብተህ ወጣህና እጁን ሲያንቀሳቅስ አየሁት አልከኝ። እጁን። እኔ ቀኑን ሙሉ ያንን እጅ ሳስብ ዋልኩ። ከኔ ወገን እጅ ነው ወይስ ከአባቱ እያልኩ። ስም አወጣሁለት። እሱ ግን አልነበረም። ሁላችሁም ለቅሷችሁን በጠዋቱ ጨርሳችሁ ነበር፤ እኔ ማታ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ከዚያ በኋላ ፎቶ ብቻ ነበር የማምነው። እሱንም አበላሸኸው።»

ጋሼ ፈገግ ለብዙ ሰው ይቅርታ ጠይቋል። ዓይኑ የተጨፈነበት፣ ቀለሙ የወጣበት፣ ቀኑ የዘገየበት ሁሉ ደንበኛ ነበርና ይቅርታ አፉ ላይ ነው። ያን ቀን ግን ይቅርታውን ትቶ ሆዷ ላይ ያለውን እጇን አየ።

«ሆድሽ...» አለ በመጨረሻ።

«ሆዴ ደህና ነው። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት።» ካሜራውን መለሰችለት። «በል አሁን ንገረኝ። ያየኸውን።»

«ሁለት ቀሩ» አለ። «ቅጠሉን እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ፊቱን ላሳይሽ ብዬ። ያ ቁራ እኔ ባልገልጠው አያየውም ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «እናትየዋ አልተመለሰችም። የሚያጎርሳቸው የለም። ሳትመጣ ከዋለች ይሞታሉ መሰለኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ጃንጥላውን አንሳው።»

«ጥላ ነው እኮ የሆናቸው።»

«ነጭ ነገር ትፈራለች። እማዬ አንሶላ ያሰጣች ዕለት እስኪነሳ ድረስ ዝር አላለችም። ከማለዳ ጀምሮ ሌላ ምን የማየው አለኝ? ጆንያ አድርግበት። መሰላሉንም አንሳ። ከዚያ ግባ፤ አንተ እዚያ ከቆምክ አትመጣም።»

አልተከራከራትም። ወጣ፣ ጃንጥላውን ፈታ፣ አሮጌ ጆንያ ቀዶ ከቅርንጫፎቹ በላይ ወጥሮ አሰረ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ሲመለስ ልጁ አጠገቧ ቦታ ለቃለታለች። ተቀመጠ። እናትም በሩን ለቃ ገባችና ወንበሩን ሳበች። ሦስቱም መስኮቱን ማየት ያዙ።

መጠበቅ እንዲህ የሚከብድ መሆኑን ጋሼ ፈገግ አያውቅም ነበር። ሥራው ሌላውን «አትንቀሳቀስ» ማለት እንጂ ራሱ አለመንቀሳቀስ አልነበረም። የጆንያው ጫፍ በንፋስ ይነሳል፤ ይወድቃል። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። አንድ ጊዜ ግራጫ ነገር በአጥሩ ላይ አለፈችና ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ፤ ሌላ ወፍ ናት።

ከዚያ ቁራው መጣ።

አጥሩ ላይ አረፈና ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ጋሼ ፈገግ ሊነሳ ሲል የልጁ እጅ እጁን ያዘው።

«አትውጣ።»

«ሊጨርሳቸው እኮ ነው!»

«ከወጣህ እሷም ቅርብ ካለች ትሸሻለች። አትውጣ፣ አባዬ።»

እጇ ቀዝቅዟል፤ ግን አጥብቃ ይዛዋለች። ቁራው ከአጥሩ ወደ ዛፉ ዘለለ። የታሰረውን ቅርንጫፍ በአፉ ነካ አደረገው። ጆንያውን ሳበው። በሽቦው መሀል አንገቱን ሊያስገባ ሞከረና እሾሁ ወግቶት መሰለኝ ወደ ኋላ አለ። እንደገና በሌላ በኩል ዞረ። እናት ዓይኗን ሸፈነች። ልጅቷ ግን አልሸፈነችም፤ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። ጋሼ ፈገግ በሆዱ የሚያውቀውን ሁሉ ጸሎት ይደረድራል፣ ግማሹን ከሌላው ጋር እያምታታ።

ድንገት ባለሻርፗ ከየት እንደመጣች ሳይታይ ቁራው ጭንቅላት ላይ ወረደች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ቁራው ክንፉን ዘረጋ፤ ቅርንጫፉ ሳይመቸው ቀረና ተንገዳገደ። እንደ መሰልቸት ብሎ ተነሳ፣ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ሄደ።

ወፏ ግን አልገባችም። ጆንያው አጠገብ አርፋ አየችው። ዘለል አለች፤ ቆመች። ልጅቷ «ግቢ» አለች በከንፈሯ። «ግቢ እንጂ፣ የኔ እናት።» ወፏ ተነስታ በረረች፤ ጋሼ ፈገግም ተስፋ ቆረጠ። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። አፏ ላይ ትል ነበር። በታሰሩት ቅርንጫፎች መሀል ገባችና ከውስጥ ያ ቀጭን ጩኸት፣ የርሃቡ ጩኸት ተሰማ።

ልጅቷ አለቀሰች። የታመቀ ለቅሶ ነበር፣ የዛሬ ብቻ ያልሆነ። እናቷ ወንበሩን ትታ አልጋው ላይ ወጣችና አቅፋት አብራት አለቀሰች። «ይቅር በይኝ» እያለች፤ ስለ የትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ጋሼ ፈገግ ካሜራውን ከፈተ። ጥላ የሌለውን ፎቶ አወጣና ለልጁ እያሳያት አጠፋው።

«ከእንግዲህ ያየሁትን ነው የምነግርሽ» አላት። «ደስ ቢልሽም ባይልሽም።»

«ማየት ነው» አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች።

ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶ አልጠየቀችውም። በየማለዳው ከሩቅ፣ ከወጥ ቤቱ በር ሆኖ በረጅሙ ሌንስ ያይና ገብቶ ይነግራታል። «ዛሬ አንደኛው ሌላውን ረግጦ ቆሞ ነበር።» «ዛሬ ምንም አላየሁም፣ ቅጠሉ ከልሎኛል።» አንድ ጠዋት ላይ «አንዱ በሯል፤ ሌላው ጠርዝ ላይ ሆኖ ያመነታል» ብሎ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውም ሄደ። እሷም «የት ሄደ?» አለችው። «አላየሁም» አላት። ድሮ ቢሆን «ከእናቱ ጋር ዛፉ ላይ ናቸው» ይላት ነበር፤ ምላሱ ላይ መጥቶለት ዋጠው።

ምጡ ቀኑን ሳይጠብቅ መጣ፤ ያለፈውን ያህል ባይሆንም ቀድሟል። ባሏ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሐኪም ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗን ወዲያው ወደ ማሞቂያ ክፍል ይዘዋት ሄዱ፤ የወለደቻት ፊቷን እንኳ በደንብ አላየችም። ልጅቷ አልጋው ላይ ተንጋላ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ነርሷ «ደህና ናት» አለቻት። እናቷ «ቆንጆ ልጅ ናት፣ ደህና ናት» አለቻት፤ እሷ ግን በሩን ታያለች።

«አባዬ ይሂድ» አለች። «አባዬ አይቶ ይንገረኝ።»

ጋሼ ፈገግ በኮሪደሩ ሄደ። ካሜራ አልያዘም። በመስታወቱ በኩል ቆሞ አየ፤ ነርስ «በቃዎት» እስክትለው ድረስ አየ። ሐኪሟን በር ላይ አስቁሞ ጠየቃት፤ የነገረችውን ሁሉ ሰማ። ሲመለስ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ምን ልትላት ነው?» አለች፤ ዓይኗ ይለምነዋል። «ደክሟታል፣ እረፍት ይሰማት፣ ነገ...»

አለፋት። ልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

«ትንሽ ናት» አላት። «ከጠበቅሁትም ታንሳለች። አፍንጫዋ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ አድርገውላታል። ሐኪሟ ዛሬና ነገ አስጊ ነው፣ ከዚያ በኋላ ተስፋ አለኝ ብላኛለች፤ በዚሁ ቃል።»

የልጅቷ ዓይን ፊቱ ላይ ተተክሏል። ከንፈሯ ደርቋል።

«እጇን አንቀሳቀሰች?»

ሚስቱ ከኋላው ትከሻውን ጨመቀችው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ቃል ነበር፣ እሱም ከማንም በላይ።

«አላየሁም» አለ። «ብዙ ቆሜ ጠብቄ ነበር። እጇን ስታንቀሳቅስ አላየሁም። ተኝታለች። ደረቷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱን እስክወጣ ድረስ አይቻለሁ።»

ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀችና ጭንቅላቷን ትራሱ ላይ ጣል አደረገች።

«እሺ» አለች፤ እጁን ፈልጋ ያዘች። «ከፍ ዝቅ ይላል ካልከኝ ይላል።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከትንሽ ቆይታ በኋላ እጇ እጁ ውስጥ ላላ አለ፤ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ጋሼ ፈገግ እንዳትነቃበት አልተንቀሳቀሰም።